ድንኳን ከመተከሉ በፊት

በወረርሽኙ ወቅት በአንድነት ወጥተው በኮጋ ሐይቅ ዳርቻ ለማደር ለሚሰናዱ ወጣቶች በመራዊ የቀረበ ንግግር፤ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.



ከቤት ወጥቶ በድንኳን ማደር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በከተራ ዕለት ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ሕዝቡም ተከትሎ ይወርዳል፤ ካህናቱ በድንኳኑ፣ ምእመናኑ በዙሪያው ሆነው ሌሊቱን ያነጋሉ። ሠርጉም ሆነ ለቅሶው ያለ ዳስ ወይም ያለ ድንኳን አይሆንም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማደር ተጨምሯል። በስልክ መልእክት ብቻ የሚተዋወቁ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዳንግላ፣ ሌላው አዲስ አበባ የሚኖር ወጣቶች ቀን ቆርጠው፣ መዋጮ አዋጥተው፣ ድንኳን ተሸክመው ወደ ውኃ ዳር ይወጣሉ። 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራው የኮጋ ግድብ ሐይቅ ከመራዊ ከተማ አጠገብ በመሆኑና መራዊም ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ በመገኘቷ ስፍራው ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተመቸ ነው። ፊታችሁ ያለው የጥር ወር የበዓልና የመገናኛ ወር እንደ መሆኑ ዘንድሮም እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያሰናዱ አሉ።

ዘንድሮ ግን ጊዜው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ በሽታው ወደ ክልሉ ደረሰ፤ ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራና ቲሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴያቸው እንዲገታ ተደረገ። መራዊ በባሕር ዳርና በእነዚህ ከተሞች መካከል ያለች የመንገድ ከተማ ናት። ተሕዋሲው የሚጓዘው ሰው በሚጓዝበት መንገድ መሆኑን የዚህ ከተማ ነዋሪ በሰው አፍ ሳይሆን በራሱ ደጃፍ ያየው ነው። ክትባቱም እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድረስ ገና ለኢትዮጵያ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ማሸጋገር የሚችል ቡድን ቢያሸጋግረው የተሻለ ነው። ማሸጋገር ያልቻለውም ቢሆን የሚከተለውን ሳያስብ መነሣት የለበትም።

ብዙ አሰናጆች አደጋውን የሚፈልጉት ሜዳው ላይ ነው። ሰው በብዛት የሚታየው በዚያ ነውና ይህ አያስገርምም። ነገር ግን ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው የሚጫወቱ ሰዎች የሚደርስባቸው አደጋ ከሌላው ያነሰ ነው። ተሕዋሲው በትንፋሽ፣ በንግግር፣ በሳልና በማስነጠስ ከሚወጡ ጠብታዎች ጋር ይወጣል፤ ከጠብታዎቹም የደቀቁት በተዘጋ አየር ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። እንግዲህ በአንድ የሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ አየሩ የሚዘጋው የት የት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ሁለት ነው፤ መኪናውና ድንኳኑ። ሦስተኛ የሚጨመር ቢኖር ሰዎች መሸፈኛቸውን አውልቀው ፊት ለፊት የሚቀራረቡበት ማዕድ ነው።

ከመኪናው እንጀምር። በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ወራት የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዝዞ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ሚኒባስ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ አንዱ የሚያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው ይስበዋል። መፍትሔው መስኮት መክፈት ነው፤ ግን መስኮት መክፈት በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ሲከፍት ሌላው «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል፤ አንዲት እናት ሕፃን ይዘው ከኋላ ከተቀመጡ ደግሞ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ኮቪድን የሚያመጣው ግን ንፋስ ሳይሆን ንፋስ ማጣት ነው። ስለዚህ አሰናጁ መኪናውን በሚከራይበት ጊዜ ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ ይስማማ፤ ወንበሩ እስከ ጫፍ እንዳይሞላ፣ በሁለቱም ወገን መስኮት እንዲከፈት፣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም መሸፈኛውን እንዳያወልቅ። የሚበርደው ሰው ጋቢውን ይደርብ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ረጅሙን መንገድ በሕዝብ አውቶቡስ ከሆነ የሚጓዙት፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚኒባስ ሳይታጨቁ ለብቻቸው ወደ ስፍራው ቢሄዱ ይመረጣል።

ድንኳኑ ከመኪናው ይከፋል፤ መኪናው ሰዓት ነው፣ ድንኳኑ ሌሊት ነው። የመራዊ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ የጥር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው ሰውም የድንኳኑን ዚፕ እስከ ታች ስቦ፣ ከጓደኛው ተጠግቶ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርቶ ይተኛል። አራት ሰው ከአራት ቤት መጥቶ በአንድ ድንኳን ስድስት ሰዓት ከተኛ፣ ቀን ተራርቆ መዋሉ ዋጋ አጥቷል ማለት ነው። በመሆኑም የሚከተለው ሕግ ምንም ያህል ቢከብድ ሊታለፍ አይገባውም፤ በአንድ ድንኳን የሚያድሩት በአንድ ቤት የሚኖሩ ብቻ ይሁኑ፣ ሌላው ሁሉ ለየብቻው ይደር። ለዚህ የሚበቃ ድንኳን ከሌለ የሚቀነሰው የሰው ቁጥር ነው። ድንኳኖቹ ተራርቀው፣ በራቸው እርስ በርስ ሳይተያይ ይተከሉ። የአየር መተላለፊያዎቹ ሌሊቱን ክፍት ይሁኑ። ብርዱን ለመከላከል የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልብስ ነው፤ ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ግን አይዋዋሱም። አንድ ትርፍ ድንኳንም ከሌሎቹ ፈቀቅ ብሎ ባዶውን ይቁም፤ ሌሊት ትኩሳት የጀመረው ሰው ቢኖር የሚቆይበት ስፍራ ያገኛል።

ስለ ማዕዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። በአንድ ትሪ መቅረብና መጎራረስ ይቅር፤ ለእያንዳንዱ በየሳህኑ ይቅረብለት፤ የሚያቀርበውም አንድ ሰው፣ እጁን ታጥቦ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሁን። ሲኒው በአንድ ሳፋ ውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ፣ የጠላው ጣሳም እንዲሁ መዞሩ ይቅር፤ እያንዳንዱ የራሱን መጠጫ ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ጉርሻን የማይቀበል ሰው እንደሚናቅ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ይህ ውሳኔ የአንድ ሰው እምቢታ ሳይሆን የቡድኑ ደንብ ሆኖ አስቀድሞ ቢነገር ማንም አይቀየምም። እሳት ዙሪያ የሚደረገው ጨዋታ ግን አይዘንጋ። ጮክ ብሎ መዝፈንና መተጃጀብ ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ ጠብታ ያስወጣል፤ ክቡ ሰፋ ይበል፣ መሸፈኛውም ከፊት አይውረድ።

እሳት ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም ትቶ አልፏል፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለውም ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር ተያይዞ ነው። ግቢን መጥረግ መልካም ልማድ ነው፤ ጭስ ግን የኮቪድን ተሕዋሲ አይገድልም፣ አረቄም ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። እንዲያውም ጭስ የሚያስለው ሰው በበሽታው ምክንያት ከሚያስለው ሰው ጋር ስለሚምታታ እሳቱ አነስ ቢል ይመረጣል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። እጁን በአልኮል ያሸ ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅለት ክብሪት አይጫር፤ ጠርሙሱም ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ።

ከአልኮል ይልቅ ለእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሻለው ውኃና ሳሙና ነው፤ ስሌቱ ግን ከመነሣት በፊት ይሠራ። ሃያ ሰው በቀን ስምንት ጊዜ እጁን ቢታጠብ፣ ለአንድ መታጠብም ግማሽ ሊትር ቢመደብ፣ 80 ሊትር ማለትም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ ያስፈልጋል፤ የሚጠጣውና የሚበሰልበት ሳይጨመር ነው። «ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ውኃ መሸከም ምን የሚሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። የጣና ዙሪያ የቢልሃርዝያ አገር ነው፤ የበሽታው ጥገኛ በረጋ ውኃ ዳር ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሰው እግሩን ነክሮ ሲጫወት አይታወቀውም። ስለዚህ ውኃው ከከተማ ቧንቧ ተቀድቶ ይምጣ። መጸዳጃውም ከሐይቁና ከድንኳኖቹ ራቅ ብሎ ይዘጋጅ፣ አጠገቡም የእጅ መታጠቢያ ይቀመጥ።

ከቢልሃርዝያው ይልቅ ከኮቪድ ጋር የሚምታታው ወባ ነው። የመስኖና የሐይቅ ዳር አገር በመሆኑ ትንኝ አይጠፋም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ስለሆነ፣ በጥር የሚወጣውም ሰው አጎበር ይዞ ይውጣ፤ አጎበር የድንኳኑ በር ሳይዘጋ ለማደርም ይረዳል። ወባም ሆነ ኮቪድ በትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በድካምና በቁርጥማት ሊጀምሩ ይችላሉ። በዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ሲያተኩሰው «ወባዬ ተነሣብኝ» ይላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ደግሞ ሁሉንም ትኩሳት ኮቪድ ያደርገዋል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱም ሊይዙት ይችላሉና። በትኩሳት የታመመ ሰው ለወባ ደሙ ተመርምሮ መድኃኒት ስለ ጀመረ ብቻ ከኮቪድ ነጻ ነው አይባልም። ወባ ደግሞ በሰዓቱ ካልታከመ ስለሚገድል፣ ኮቪድን ፈርቶ ጤና ጣቢያ ከመሄድ መዘግየት ራሱ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ማንኛውም ትኩሳት ወደ መራዊ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ያስኬዳል። ሕመምተኛውን አንድ ሰው ብቻ ያጅበው፤ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ የመኪናውም መስኮት ይከፈት። ሌሊት የሚንቀሳቀስ መኪና ያላዘጋጀ ቡድን ድንኳን ባይተክል ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው ነገር ከድንኳንም ከውኃም ይልቅ ከባድ ነው፤ እርሱም ይሉኝታ ነው።

አንድ ወጣት ለጉዞው 700 ብር ከፍሎ፣ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ፣ ለአንድ ዓመት በስልክ ብቻ የሚያውቃቸውን ጓደኞቹን ለማየት ሲናፍቅ ከርሞ በዋዜማው ጉሮሮውን ከረከረው እንበል። ምን ያደርጋል? ዝንጅብል ፈልቶለት ጠጥቶ ይሄዳል። ብሩ አይመለስለትም፤ ቢቀርም «ፈራ» ወይም «ከዳን» ይባላል፤ ቢናገርም «ይዞት ነው» የሚል ወሬ ሰፈሩን ያዳርሳል። በዚህ ዓይነት ያለ ሰውን ውሸታም ማለት አይገባም፤ እውነቱን መናገር ያስወደደበት የአሰናጆቹ ደንብ ነው። ስለዚህ መዋጮ በሚሰበሰብበት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር በግልጽ ይነገር። አንደኛ፣ ያመመው ሰው እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ ቢያሳውቅ የከፈለው ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፤ የሐኪም ወረቀትም አይጠየቅም። ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ይነሣ፤ የመኪናና የድንኳን ኪራይ ውልም በዚሁ መሠረት ይፈረም። ሁለተኛ፣ የሚቀር ሰው ምክንያቱን የሚነግረው ለአንድ አሰናጅ ብቻ ነው፤ እርሱም ለሌሎቹ «እገሌ አይመጣም» ከማለት ያለፈ አይናገርም።

ይህ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት ተመላሹን መከተል ይበቃል። ተጓዡ ወጣት ነው፤ በሽታው ቢይዘው ምናልባት ሦስት ቀን አስሎት ይሻለው፣ ምናልባትም ጨርሶ ሳይታወቀው ይለፍ። የሚመለሰው ግን ስኳር ወዳለባቸው እናቱ፣ ደም ግፊት ወዳለባቸው አያቱ ነው፤ ሲገባም ጉልበት ስሞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞም ማስተላለፍ ይቻላል። በኮጋ ዳር ስቆ ያደረ ሰው ያመጣውን በአምስተኛው ቀን አያቱ ሊከፍሉ ይችላሉ። አረጋውያን ወይም ሕሙማን ካሉበት ቤት የሚመጣ ተጓዥ ሲመለስ ለ14 ቀናት በተለየ ክፍል ማደር የሚችል መሆኑን ከመመዝገቡ በፊት ይመልከት፤ ካልቻለ ይቅር።

በመጨረሻም አሰናጁ የተጓዦቹን ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የመጡበትን ከተማ፣ በየትኛው መኪና እንደተሳፈሩና በየትኛው ድንኳን እንዳደሩ የሚገልጽ ዝርዝር ይያዝ። ከተመለሱ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ቢታመምና ቢመረመር፣ የጤና ባለሙያዎች ንኪኪ የነበራቸውን ሰዎች ለመለየት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ስሜት ማጣት የታየበት ሰው ከቤት ሳይወጣ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውል፤ በዚያው ዕለትም ለአሰናጁ ይንገር። ዝርዝሩ የሰዎች የግል ጉዳይ ስለሆነ ለማንም አይታይ፤ 14ቱ ቀናት በሰላም ካለፉ ወረቀቱ ይቀደድ።