የሁሉም በሆነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥቂቶች ኮሌጅ



የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው። ለሁሉም የተቋቋመ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ጥቂቶችን መርጦ በተለየ ሁኔታ ሊያስተምር ይገባዋልን? በውጤታቸው ለላቁ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቋቋመው «ኦነርስ ኮሌጅ» የሚያስነሣው ክርክር ሥሩ ይኸው ነው።

ምሳሌ የማደርገው የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲን ነው። መነሻው በ1847 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ነጻ አካዳሚ ሲሆን፣ ዓላማውም የመክፈል ዐቅም የሌላቸውን ልጆች በነጻ ማስተማር ነበር። በ1970 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ላጠናቀቁ የከተማይቱ ልጆች ሁሉ በሩን ከፈተ። በ1976 ግን ከተማይቱ በገንዘብ እጦት ስትጨነቅ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የነጻ ትምህርት ቀረ።

ዩኒቨርሲቲው በ2001 ዛሬ ማኮሊ እየተባለ የሚጠራውን ኦነርስ ኮሌጅ አቋቋመ። ተመርጠው የሚገቡና መመዘኛውን የሚያሟሉ የግዛቲቱ ነዋሪዎች የትምህርት ክፍያ አይጠየቁም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቀድሞ የብዙዎች መብት የነበረው የጥቂቶች ሽልማት ሆኖ ተመለሰ።

ይህን ስል ኮሌጁን መንቀፌ ብቻ አይደለም። ጎበዝ የድኻ ልጅ ዕዳ ሳይሸከም እንዲማር አስችሏል። አወቃቀሩም ብልኅነት አለው፤ ተማሪዎቹ ከሌላው ተነጥለው አይቀመጡም። እያንዳንዱ ከዩኒቨርሲቲው ኮሌጆች በአንዱ ተመዝግቦ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ይማራል። የጋራ ሴሚናሮቻቸውም የሚያተኩሩት በራሷ በከተማይቱ ላይ ነው፤ ኪነ ጥበቧን፣ የሕዝቧን አመጣጥ፣ ሳይንሷንና የወደፊት ዕጣዋን ያጠናሉ።

የእኔ አቋም እንዲህ ያለው ኮሌጅ ተገቢ የሚሆነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው የሚል ነው። በውስጡ የሚሠራበት መልካም ነገር ለሌላው ሁሉ መሞከሪያ እንጂ ለጥቂቶች የተከለለ ርስት መሆን የለበትም። አነስተኛ ክፍል፣ ተማሪውን በስሙ የሚያውቅ አማካሪ፣ ከመምህር ጋር የሚሠራ ምርምር፤ እነዚህ የሚጠቅሙት ለጎበዙ ብቻ ነውን? ትምህርቱን ሊያቋርጥ የተቃረበው ተማሪ አማካሪ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ጎበዙ ያለ አማካሪም መንገዱን ሊያገኝ ይችላል፤ እርሱ ግን ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ስለ ምርጥ ተማሪዎች ዕቅድ በምናወጣበት ጊዜ ሁሉ፣ ስንት ተማሪ ተመረጠ ከማለት ጋር ለተመረጡት የተሠራው ላልተመረጡት መቼ ይደርሳል ብለን እንድንጠይቅ ዐደራ እላለሁ።