ከቀሃ ወንዝ ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፣ ጥር 11 ቀን የምንረጭበት የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ መሆኑን በማራኪም ሆነ በሌላው የጎንደር ሠፈር የምንኖር ሁላችን እናውቃለን። ውኃው ሲባረክ አንዲት ጠብታ እንዳታልፈን እንጋፋለን፤ ቀድተንም ለታመመ ዘመድ እናደርሳለን። በዚያው በቀሃ ዳር ፌስታልና ባዶ የውኃ ፕላስቲክ የምንጥለውም እኛው ነን። ቀሃ ከአንገረብ ጋር ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳልና ከደጃችን የወጣው ጥራጊ የማናውቀው ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ ይገባል።

ይህን የምናደርገው ክፋቱን አጥተነው አይደለም። አንዳንዱ «የእኔ አንዲት ፌስታል ምን ታመጣለች?» ይላል። ሌላው የቆሻሻ ገንዳ ይርቀዋል፤ ይህስ እውነተኛ ችግር ስለ ሆነ ምእመኑን ብቻ አንወቅስም። አብልጦ የያዘን ግን እፍረት ይመስለናል። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ቅዳሜ ገበያ ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ ዘንቢል ማንጠልጠል የድህነት ምልክት መስሎ ታየን፤ ባለሱቁም ለሁለት ራስ ሽንኩርት ፌስታል ካልጨመረልን የናቀን ይመስለናል። እኛ ሰባክያንም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በምክር ቤት ጸድቋል፤ እፍረቱን ግን አዋጅ አያወጣልንም።

ጌታችን በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ 5 ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይጠፋ ሰብስቡ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ የሚቻለው አምላክ ስለ ትራፊ ምን አስጨነቀው? በሣሩ ላይ ቢቀር ወፍ ይለቅመው አልነበረምን? ሐዋርያትም ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎንበስ ብለው ለመልቀም አላፈሩም።

እንግዲህ በመጪው ከተራ ቆሎውንና ዳቦውን በአገልግል፣ ውኃውን በኮዳ ይዘን እንውረድ። ለታቦቱ መንገድ የምትጠርጉና ምንጣፍ የምታነጥፉ ልጆቻችንም፣ ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ መጥረጊያችሁን አታስቀምጡ፤ ወደ ቀሃ ዳር ይዛችሁ ኑ። እኛም ካህናቱ ቀሚሳችንን ሰብሰብ አድርገን ከእናንተ ጋር እንለቅማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።