በስሙ ውስጥ የቀረ እንፋሎት



ሐዲድ ባልደረሰበት ሆለታ ቆሜ ስለ አሮጌ ባቡር መናገሬ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ሐዲዱ ወደኛ አቅጣጫ እንዲመጣ ታስቦ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ። ሐረርም ብትሆን ተራራው ስላስቸገረ ታለፈችና ከግርጌዋ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመርም ወደ ምዕራብ ሲመጣ ሰበታ ላይ ቆመ። እኛ የባቡር ጩኸት በሩቅ እንኳ ሳንሰማ ያደግን ሰዎች ነን።

ቃሉ ግን ከአፋችን አልታጣም። ባቡር የሚለው ስም በቱርክና በዓረብ በኩል ዞሮ የደረሰን ነው፤ ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው። አያቶቻችን የሞተር ወፍጮውን ባቡር አሉት፣ አውሮፕላኑን የሰማይ ባቡር አሉት። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በ1890ዎቹ መጨረሻ ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ፣ ዛሬ ዳምጠው የምንለውን ዓይነት፣ የሰርኪስ ባቡር ብለው ጠሩት። የዛሬው ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። እሳት የለው፣ ውሃ የለው፣ ጭስ የለው፤ እኛ ግን እስካሁን እንፋሎት እያልን እንጠራዋለን። ነገሩ ከሄደ በኋላ ስሙ ብቻ ቀርቶልናል። ዛሬ የምናገረው ነገሩንም መልሰን ማየት እንችላለን ብዬ ስለማምን ነው።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ውሉ ታደሰ፣ አዲስ ኩባንያ ተተካ፣ እስከ አዲስ አበባ ለመድረስም 1909 ዓ.ም. ሆነ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ተጋደመ። ዛሬ ለገሀር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ገና በ1922 ዓ.ም. ነው። በእንፋሎቱ ዘመን መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ተሳፋሪው አንድ ቀን ድሬዳዋ፣ አንድ ቀን አዋሽ ያድራል። ቡፌ የሚባለው የአዋሽ ማረፊያ ዝናው የወጣው በዚያ ነው።

ሆለታን ከዚህ ባቡር ጋር የሚያገናኝ አንድ ሌሊት አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ አፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። በዚያው ሰሞን በስዊድን መኮንኖች የሠለጠኑት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ወራሪውን የጣሊያን ጦር ለማዘግየት ጣርማ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ከእነርሱ የተረፉት ወደ ነቀምት ተሻግረው ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ድርጅት ሲመሠረት ገቡበት። ንጉሡ በሐዲድ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፣ ዕጩ መኮንኖቹ በእግራቸው በዚህ በኛ መንገድ ወደ ምዕራብ። እነዚያ ልጆች በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማቸው ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልውሰዳችሁ።

የድሬዳዋ ጣቢያና ጋራዡ ዛሬም አሉ። ስገባ አንድ ጡረተኛ ሠራተኛ ተቀበሉኝ። ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ ነው፤ አማርኛውን፣ ሶማልኛውንና ፈረንሳይኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ብዙ አላወሩም። እጀታው በእጅ ላብ የጠቆረ ትንሽ መዶሻ አነሡና ወደ አንድ የቆመ ፉርጎ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ስማ፤» አሉና የመጀመሪያውን ጎማ መቱት። ድምፁ እንደ ደወል ረጅም ሆኖ ሄደ። ቀጥለው ሌላውን መቱ። ያ ደግሞ ወዲያው ዝም አለ።

«አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ተሰንጥቋል። ዓይንህ አያየውም፤ ጆሮ ግን ያየዋል።»

ጎማው ላይ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ በእጄም ዳሰስኩት። ምንም አላገኘሁም። እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ሎኮሞቲቭ ይታደስ ሲል ብረቱን ነው የሚያስበው። ብረት ግን ይጠብቃል፤ ቀለም ተቀብቶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ሃምሳ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ያ ጆሮ ግን አይጠብቅም። ማደስ ማለት በመጀመሪያ ያንን ጆሮ ወደ ወጣት ማሻገር ነው።

እዚህ ላላችሁት የሙያ ተማሪዎች፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። እሳቱ ከኋላ፣ ነጂው አጠገብ ይነድዳል። ትኩሱ ጭስ በውሃ በተከበቡ ብዙ ቱቦዎች ውስጥ እየሮጠ ወደ ፊት ሄዶ በጭስ መውጫው ይወጣል። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ጉልበት ይሆናል፤ ያ ጉልበት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉ ጎማውን። እየቆራረጠ የሚሰማው የታወቀው ትንፋሽ፣ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ መውጫው ሲወጣ ነው። ሲወጣም አየር ስቦ እሳቱን ያራግባል። ባቡሩ በጎተተ ቁጥር እሳቱ ይበረታል ማለት ነው። ወናፉን ራሱ ይዞ የሚሄድ አንጥረኛ በሉት።

ጠላቱ ውሃው ራሱ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ እናቶቻችን ያውቁታል። ጨው ያለበት የቆላ ውሃ ቱቦዎቹ ላይ ያንኑ ይጋግራል፤ የተጋገረው ሙቀት አላሳልፍ ሲል ብረቱ ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌ ቦይለር፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት በርሜል፣ ሲታደስ ቱቦዎቹ ወጥተው ይለወጣሉ፣ የብረቱ ውፍረት በየቦታው ይለካል፣ ከዚያም ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ከሚሠራበት በላይ በሆነ ግፊት ይፈተናል። በውሃ የሚፈተነው ውሃ ስለማይታመቅ ነው። ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል። በእንፋሎት ቢሰነጠቅ ግን ሰው ይገድላል። ፈተናውን ያለፈው ቦይለርም ወዲያው አይነሣም። ብረቱ እኩል እንዲሞቅ እሳቱ በትንሽ በትንሹ ለሰዓታት ይጨመርበታል።

የማይቻል ነው የሚለኝ ካለ አስመራን ልጥቀስ። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በኤርትራ የነፃነት ጦርነት ፈርሶ ነበር፤ ሐዲዱና ብረቱ ለምሽግ ተነቅሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ ሥራው ሲጀመር የተጠሩት ጡረተኞቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሰባና ሰማንያ የደረሱ። ጣሊያን ውስጥ የተሠሩትን አሮጌ ሎኮሞቲቮች ፈተው ገጠሙ፣ ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው መልሰው አጋደሙ፣ በ1995 ዓ.ም. አካባቢም ከባሕር ወለል ተነሥተው አስመራ ገቡ። ከሩቅ አገር ሰዎች ያንን ባቡር ለመሳፈር ይመጡ ጀመር። የመጡበት ጉዳይ ጭሱና ድምፁ ነበር፤ ያንን ያዳኑት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው።

የእኛ ጉዳይ አንድ ችግር አለበት። የአዲሱ መስመር ሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው ሎኮሞቲቭ ደግሞ ለአንድ ሜትር የተሠራ ነው። ስለዚህ በሰበታው ሐዲድ ላይ ልናስኬደው አንችልም። የድሮው ሐዲድ ሳይነቀል በቀረበት ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትር መጠበቅ አለበት። የኔ ሐሳብ ድሬዳዋ ነው፤ ጋራዡም፣ ሰዎቹም፣ ሐዲዱም እዚያ ናቸው። ቆሞ የሚታየው ሙዚየም ለገሀር ይሁን፤ የሚንቀሳቀሰው ባቡር ድሬዳዋ ይሁን።

ስለ ፉርጎዎቹም አንድ ነገር ልበል። የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎዎች ሁልጊዜ ይነሣሉ፤ ሊጠበቁም ይገባል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለሦስተኛው ማዕረግ ፉርጎ ነው። በዚያ የእንጨት አግዳሚ ላይ ጫት ሻጯ፣ ኮንትሮባንድ የያዘችው ነጋዴ፣ ወታደሩ፣ ከእናቱ ጋር ወደ ቆላ የሚወርደው ሕፃን ተቀምጠዋል። እንጨቱ መበስበስ የሚጀምረው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ የዝናቡ ውሃ ወርዶ እዚያ ይተኛልና። አዳሹ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ አዲስ ይገጥማል፤ ተሳፋሪ ክርኑን ያስደገፈበትንና ያለሰለሰውን ጠርዝ ግን እንዳለ ይተወዋል።

ከዚያ ፉርጎ አጠገብ ስለ ጥር 1977 ዓ.ም. የሚናገር ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። በዚያ በረሃ ሐዲዱን ሲያጋድሙ ስለሞቱት ሠራተኞችም እንዲሁ። ስለ ባቡራችን ስንኮራ እነርሱን ዘለን ከሆነ ኩራቱ ጎዶሎ ነው።

ሽማግሌው ስሰናበታቸው መዶሻውን ሰጡኝ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው እርሱ ነው። አልቀበልም ብዬ ነበር። «በብድር ነው፤» አሉኝ፤ «ልጆች ይዘህ ስትመጣ ትመልሰዋለህ።» ከመጋቢት በፊት ሦስት የሙያ ተማሪዎች ይዤ እወርዳለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ስብሰባው ሲያበቃ እዚሁ አግኙኝ። ሽማግሌው የሚያስተምሩት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ብረቱ ግሎ አይነካም።