ወጣት ሴት ልጆቻችንና የአምልኮ ሕይወታቸው በስደት አገር
(በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በዶካ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ሕይወት ነው። በዚህ ጉዳይ ሰባኪ ቢናገር ይሻል ነበር፤ እኛ ነጋዴዎች ነን። ሆኖም ሱቅ የሚውል ሰው የሚያየው ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሽሮና ምስር ቀድመው የሚጠይቁን ወንዶቹ አይደሉም። ሻይ ሲያፈሉ የሚውሉት፣ ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ፣ በዚህ በዶካ ሙቀት ላይ የከሰል እሳት ተጨምሮበት፣ ለሌላው ሻይና ቡና ሲቀዱ ይውላሉ። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ስለ ገቡ ለጊዜውም ቢሆን ጎረቤቱም እነሱም አብረው ጾመዋል። በሌላው ዓመት ግን አገሩ ሁሉ ሲበላ ለብቻ መጾም፣ አገሩ ሁሉ ሲጾም ደግሞ ተደብቆ መብላት አለ። ይህን የሚችል ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ አስቡት።

ከዚሁ ከገዳሪፍ ግዛት የተወለደች የአንዲት ሴት ታሪክ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። መርየም ያህያ ኢብራሂም ትባላለች። እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም ናቸው። ገና ልጅ ሳለች አባቷ ከቤት ስለ ወጡ ያሳደገቻት እናቷ ነች፤ ያሳደገቻትም በራሷ ሃይማኖት ነው። መርየም እ.ኤ.አ. በ2011 ዳንኤል ዋኒ የተባለ የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ክርስቲያን አገባች። (ከጋብቻው ጥቂት ቀደም ብላ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መግባቷን የካርቱም ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ገልጿል። ይህን የምንጠቅሰው የሚጠይቅ ስለማይጠፋ ነው እንጂ ለዛሬው ነገራችን ልዩነት አያመጣም።)

የአገሩ ሕግ ልጅን በአባት ሃይማኖት ስለሚቆጥር ፍርድ ቤቱ መርየምን ሙስሊም ናት አላት። ስለዚህ ጋብቻዋ ዝሙት፣ ክርስቲያን ነኝ ማለቷም ክህደት ሆነባት። ሐሳቧን እንድትለውጥ ሦስት ቀን ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ክርስቲያን መሆኗንና ሃይማኖት ክዳ እንደማታውቅ በእርጋታ ተናገረች። ግንቦት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. መቶ ግርፋትና የስቅላት ሞት ተፈረደባት። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇም ከእሷ ጋር እስር ቤት ነበር። በ12ኛው ቀን፣ ግንቦት 19፣ ኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ውስጥ እግሯ በሰንሰለት እንደ ታሰረ ሴት ልጅ ወለደች። ሱዳናውያን ጠበቆች ተከራከሩላት፤ በውጭው ዓለምም ብዙ ጩኸት ተሰማ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰኔ 16 ቀን በነፃ ለቀቃት፤ ሐምሌ 17 ቀን ከነቤተሰቧ ሮም ገባች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደች። በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. የክህደት የሞት ቅጣቱ ራሱ ከሱዳን ሕግ ተሠረዘ።

ስለ መርየም ሲወራ የሚነገረው በፍርድ ቤቱ ውስጥ ያሳየችው ድፍረት ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሚደንቀን የእናቲቱ ነገር ነው። በሰው አገር ያለ ባል ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ለዚያች እናት ልጇን እንደ አካባቢው ማሳደግ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ የሚከሳትም፣ የሚወቅሳትም አልነበረም። እሷ ግን ያላትን ሰጠች። ከሃያ ዓመት በኋላ ሞት ፊት ሲቆም ልጅቷ እጅ ላይ የተገኘው ያ በልጅነቷ የተሰጣት ነው። ሦስት ቀን ሃይማኖት ለመማር አይበቃም፤ ቀድሞ ያልተማረ ሰው በሦስት ቀን የሚያደርገው መተው ብቻ ነው።

ይህ ጠረፍ ሃይማኖቷን አልተውም ያለች ሴት ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ከተቃወሟቸው መካከል የንጉሡ አማካሪ የነበረው የመልክዐ ክርስቶስ ባለቤት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አንዷ ነበረች። በ16 ዓመቷ አካባቢ ተድራ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። በኋላ ከትዳር ወጥታ መነኰሰች። ንጉሡ አስይዘው በየቅዳሜው አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው የኢየሱሳውያን አለቃ እየመጣ እንዲያሳምናት አደረጉ፤ አልሆነም። በመጨረሻም ዠበይ ወደ ተባለ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወዳለ ሞቃት ቆላ ለሦስት ዓመት አጋዟት። የኛው ቆላ ማለት ነው። ያን የሚያህል የጣና ደጋ ሰው እዚህ ሙቀት ውስጥ የተጣለችው ተስፋ ቆርጣ እንድትመለስ ነበር። እሷ ግን በግዞት ቦታዋ ሰዎች ተሰብስበውላት ማኅበር መሠረተች፤ በሕይወቷ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው ይህ የዠበይ ማኅበር ነው። በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ በሕይወት ኖራ አየች። ያረፈችው ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ሲሆን 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን ጻፈ።

ለልጆቻችን ይህን ታሪክ የምንነግራቸው ሁሉም ይመንኵሱ ብለን አይደለም፤ ማግባት፣ መውለድ፣ ሠርቶ መብላትም የክርስቲያን ሥራ ነው። የምንነግራቸው በእንግድነት፣ በሙቀት፣ ቤተ ክርስቲያን በራቀበት ቦታም ማኅበር እንደሚሠራ እንዲያውቁት ነው። ወለተ ጴጥሮስም ብቻዋን አልነበረችም፤ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ወዳጇ ከጎኗ አልተለየችም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ትጾማለች፣ ብቻዋን ትጸልያለች፤ ለስንት ዓመት ግን? የዓመት በዓል ዕለት ነጠላዋን አጥፋ ከሻንጣ መልሳ የምትከት ልጅ አለች፤ ለብሳው የምትሄድበት ስለሌላት ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ የምትጠፋው ሃይማኖት ጠልታ አይደለም፤ ሰው አጥታ ነው። ያን ጊዜ "አገባሻለሁ፣ ኢቃማሽንም አወጣልሻለሁ" የሚል ይመጣል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ የአባቱን ሃይማኖት እንደሚይዝ የመርየም ታሪክ አሳይቶናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በክፉም በደጉም አብረውን የኖሩ ናቸውና ይህን የምንለው እነሱን ለመንቀፍ አይደለም። ልጅቷ የምታደርገውን አውቃ ታድርገው ነው የምንለው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ዘመድ የሌላቸው፣ ወረቀት የጠፋባቸው ወጣት ሴቶች ወደዚህ ወደ ገዳሪፍና ወደ ጠረፉ መጥተዋል። ማደሪያ የሰጣቸው ቤት ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ማደሪያ ሰጥቶ በዓል የሚከለክል ቤት ግን አለ፤ ያውም የሐበሻ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለበት። "እሑድ እንግዳ አለብኝ፣ ማን ያበስላል?" ይባላል። ሱዳናዊቱ አሠሪ "ሂጂና ጸልዪ" ስትል የኛዋ እመቤት የምትከለክልበት ምክንያት አይገባንም። ይህን የሰማ የሚቀየም ካለ ይቀየመን።

ስለዚህ ለቤተሰቦች የምናቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ባይሆን ዓርብ፣ ግማሽ ቀን ትለቀቅ፤ ደመወዟም አይቆረጥባት። ልጅ የተወለደላችሁ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ለማስነሣት ከወዲሁ ተዘጋጁ፤ መንገድ የዘጋ እንደሆነ ካህን እስኪገኝ ዝም ብሎ መቀመጥ ሳይሆን ለኮሚኒቲው መናገር ይገባል። የክርስትናና የጋብቻ ወረቀት በቤት ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ አገር ቤት ላለ ዘመድ ላኩ። ይህን አደራ ጦርነት ያየ ሰው ይረዳዋል።

ለእናንተ ለልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር አለን። መዝሙርና ውዳሴ ማርያም የምታውቁ ለማታውቁት አሳዩ፤ ድምፄ አያምርም ብሎ መቅረት የለም። የጽዋ ማኅበር ለመጀመር ያሰባችሁት ሰባት ልጆች ቀኑን በወር በወሩ 17 እንድታደርጉት፣ ኅዳር 17ን ደግሞ ሰፋ አድርገን አብረን እንድናከብረው እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ወር ዳቦና ጠላ በእኛ ነው። አዳራሹንም ኮሚቴው ፈቅዷል፤ ቁልፉ እኛ ሱቅ ይቀመጣል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።