ጉልበትን ማጠንከርና የደም ሥር ጤና



ዕድሜው አምሳ ዓመት ያለፈ የመሥሪያ ቤት ሹም ከባድ ዕቃ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል፥ በአጠገቡ ያለው ወጣት ፈጥኖ «ይተዉት ጌታዬ፥ እኔ አነሣዋለሁ» ማለቱ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ይህ አክብሮት ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄዶ፥ ሰውየው ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር ብቻ የሚዛወር የሆነ እንደሆነ፥ ጡንቻውም የደም ሥሩም በአንድነት እየደከሙ ይሄዳሉ።

ብዙ ሰዎች «በጉልምስና ዕድሜ ሸክም ማንሣት የደም ሥርን ያፈነዳል» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከምንም የተነሣ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በታተመ የካናዳ ጥናት፥ ብረት ማንሣት የለመዱ አምስት ሰዎች በሁለት እግራቸው ታላቅ ክብደት ሲገፉ፥ የደም ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ተገኝቷል። ያረፈ ጤናማ ሰው ግፊት 120 በ80 ገደማ መሆኑን ልብ በሉ። ምክንያቱም የተኮማተረው ጡንቻ የደም ሥሮቹን መጭመቁ፥ ደግሞም ሰውየው ትንፋሹን አፍኖ ማማጡ ነው። እንግዲህ የሚያስፈራው ከልክ ያለፈ ሸክምና የታፈነ ትንፋሽ እንጂ ጡንቻን ማሠራት አይደለም።

የደም ሥር እንደ ቧንቧ ግዑዝ ነገር አይደለም። ደም በብርታት ሲያልፍበት ውስጠኛው ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም የሥሩን ግድግዳ ያላላዋል። ይህን የመረመሩት ፈርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1998 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ዕድሜ ሲገፋ ሽፋኑ ይሰንፋል፥ ታላላቆቹ ደም ወሳጆችም ይደነድናሉ፤ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር ከፍ የሚለውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጃፓናዊው ሚያቺ ቀደም ሲል የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ በ2013 ዓ.ም. ባሳተመው ምርመራ፥ በከባድ ሸክም የሚለማመዱ ወጣቶች ደም ወሳጆች ደንደን ብለው ሲገኙ፥ በመካከለኛ ዕድሜ ባሉት ዘንድ ግን ይህ በግልጽ አልታየም። የሚፈሩት ሽማግሌዎቹ፥ ለውጡ የተገኘው በወጣቶቹ መሆኑ ያስገርማል!

በ2023 ዓ.ም. ደግሞ 270 ሙከራዎች ተነጻጽረው፥ በዕረፍት ጊዜ የሚለካውን የደም ግፊት ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ያደረገው ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን አጥብቆ መያዝ ሆኖ ተገኘ። ከነዚህም አንዱ ጀርባን ከግድግዳ አስደግፎ፥ ጉልበትን አጥፎ፥ በሌለ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ሆኖ መቆየት ነው። ለዚህ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም፤ የቢሮ ግድግዳ ይበቃል። ጀማሪ ሰው ጉልበቱን ጥቂት ብቻ አጥፎ በሃያ ሴኮንድ ይጀምር፤ በየሳምንቱም ጥቂት ይጨምር። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥም ለጭን ጡንቻ እጅግ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከእግር ጉዞው ሌላ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን ማሠራት እንደሚገባ አሳስቧል።

ስትሠሩ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አያፍንምና። አርፎ ሲለካ ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። በመካከል ደረትን የሚጫን ሕመም ወይም የራስ ማዞር የተሰማው ወዲያውኑ ያቁምና ወደ ሐኪም ይሂድ።