«ምንም አልወሰድኩም» ያለው ልጅ

(በአንድ የወላጆችና የወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሥራዬ የተሰበረ ፊትና መንጋጋ መጠገን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ስብራቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

አንድ ሌሊት መንጋጋው ሁለት ቦታ የተሰበረ ወጣት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። «ምን ወስደሃል?» አልኩት። ፖሊሶቹን አየና «ምንም አልወሰድኩም» አለ። ማደንዘዣ ወጋነው። ወዲያው ልቡ እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር፤ የደም ግፊቱ ጣሪያ ነካ። በኋላ ጓደኛው ሹክ አለኝ፤ ለካ ኮኬይን ወስዶ ኖሯል! መርፌያችን ውስጥ አድሬናሊን አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ልብ ሊያቆሙ ይችላሉ። እግዜር አተረፈው እንጂ። እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ ቀዶውን አቆየው ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥርሱን በሽቦ አሰርነው። ይሄ ማለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፈሳሽ ምግብ ብቻ መኖር ነው። በየሳምንቱ ና አልነው፤ ቀረ። ሽቦውን በፒንሳ በጥሶ ጫት ሲቅም ከረመ። ጫት መች ተከለከለ ትሉኝ ይሆናል። አገራችን ውስጥ አልተከለከለም፤ እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ለተሰበረ አጥንት ግን ሕጉ ምኑ ነው? ቀኑን ሙሉ የሚያኝክ መንጋጋ እንዴት ይገጥማል? ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሲጋራ ሲታከልበት ደም ወደ ቁስሉ በደንብ አይደርስም። ልጁ ሲመለስ አገጩ ሥር መግል ይወርድ ነበር። እንደገና ከፍተን፣ አጥርተን፣ በብረትና በብሎን አያያዝነው።

ሄሮይን የለመደ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። የተለመደው ማስታገሻ አይበቃውም፤ ሱሱ ሲቀርበት ያስታውከዋል። አፉ በሽቦ የታሰረ ሰው ሲያስታውክ ይታያችሁ! ሽቦ መቁረጫ ከራስጌው የማይለየው ለዚህ ነው።

ባለሥልጣን ሁሉ ስለ ዕፅ ሲነሳ የሚቀናው አፈሳ ነው። እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ሐኪም በሽተኛውን ሲጠይቅ ፖሊስ ከበሩ ውጭ ይቁም። «ሱሰኛ ነው፣ የእጁን አገኘ» የምንል ባለሙያዎችም አለን፤ ይሄን አልሸሽግም። እናንተም ወላጆች፣ ልጁ ከታማሚው አልጋ ላይ ሳለ ቁጣውን ለጊዜው ተዉት። ለእናንተ ባይናገር ግድ የለም። ለሐኪሙ ግን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደወሰደ ይንገር።