ስለ አሮጌ የስፖርት ማስታወቂያዎች



ማስታወቂያ ለአንድ ሰሞን ታትሞ ሰሞኑ ሲያልፍ የሚጣል ወረቀት ነው። ብርቅነቱም የሚመነጨው ከዚሁ ከመጣሉ ነው። በአሜሪካ ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ኩባንያ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለበት ካርድ ይጨምር ነበር። የሆነስ ዋግነር ካርድ ግን ተጫዋቹ ስለ ተቃወመ ኅትመቱ ቆመ፤ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ በ2022 እ.ኤ.አ. 7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

በኢትዮጵያስ? ብሔራዊው ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ውጤቱ በየመዝገቡ ሰፈረ። የዚያን ዕለት የመግቢያ ትኬት በእጁ ያቆየ አባል ግን ስንት ይሆን?

በኩታበርና በወሎ ደጋ አሮጌ ጋዜጣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በየሱቁም ስኳርና ቡና ይጠቀለልበታል። (ሳያውቅ ያቆየው አንባቢው ሳይሆን ለጣፊው መሆኑ ያስገርማል።) ግድግዳው ዳግመኛ ሲመረግ ግን ማስታወቂያው ከጭቃው በታች ይቀራል። ስለዚህ ሰብሳቢ ለመላጥ አይቸኩል፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይነሣልና። አስቀድሞ በባለቤቱ ፈቃድ ወረቀቱን ባለበት ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ማን መቼ እንደ ለጠፈውም ጠይቆ ይጻፍ።